የወላጆቻችንን ቤት በፍርድ ቤት እንካፈል ብንል ምን ይጠብቀናል?

ጥያቄ፦ የጉለሌ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ከወላጆቻችን በወረስነው ቤት ምክንያት በእኛ በወንድማማቾቹና በእህትማማቾቹ መካከል አለመግባባት ከተፈጠረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀምጦ ነገሩ ስላልበረደ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ሕግ የምታውቁም ሆናችሁ በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ምክራችሁን እንድትለግሱኝ ጉዳዩን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ቤቱ ጉለሌ ክፍለ ከተማ በ320 ካሬ ሜትር ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተያዘ የቀድሞ ይዞታ) ላይ ያረፈ ነው። ከፊት አባታችንና እናታችን በትዳር ሳሉ የሠሩት ዋናው ቤት አለ፤ ከጓሮ ደግሞ ታላቅ ወንድማችን በኋላ ያሠራቸው አራት የሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ካርታው እስከ ዛሬ በአባታችን ስም ነው። አባታችን በ2006 ዓ.ም.፣ እናታችን በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ሁለቱም የጽሑፍ ኑዛዜ አልተዉም። ከሁለቱ የተወለድነው አራት ነን፦ ታላቅ ወንድማችን፣ እኔ፣ በ2010 ዓ.ም. ያረፈችው እህታችን እና አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድማችን። እህታችን ሁለት ልጆች ትታለች፤ ታናሹ ገና 14 ዓመቱ ነው። ከእነዚህ ሌላ አባታችን እናታችንን ከማግባቱ በፊት የወለደው፣ አዳማ የሚኖር ወንድም አለን።

ወንድም ጋሼ እያልን ያደግነው ታላቃችን ከእናታችን ጋር በቤቱ ኖሯል፤ እስከ መጨረሻዋ ቀን ያስታመማትም እሱ ነው። ይህን ውለታ ማናችንም አንክድም። ይሁን እንጂ እናታችን ካረፈች ጀምሮ የአራቱን ክፍሎች ኪራይ ለብቻው ይሰበስባል፤ እንካፈል በተባለ ቁጥርም ሦስት ምክንያቶችን ያቀርባል። የመጀመሪያው፣ እናታችን ልታርፍ ስትል በሁለት ጎረቤቶች ፊት «ይህ ቤት የእሱ ነው» ብላለች የሚል ነው። ሁለተኛው የሰርቪስ ቤቶቹን ያሠራሁት እኔ ነኝ የሚለው ሲሆን፣ በመጨረሻው ሽምግልና ላይ የሲሚንቶ፣ የቆርቆሮና የሚስማር ደረሰኝ የታጨቀበት ፌስታል አምጥቶ በሽማግሌዎቹ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈውና «ይህን ከፍላችሁኝ ተካፈሉ» አለ። ሦስተኛው ደግሞ፣ አባታችን ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት ስለሆነው የእሱን ድርሻ መጠየቂያው ጊዜ አልፏል የሚል ነው። ይህን ከተናገረ በኋላ «ከፈለጋችሁ ክሰሱኝ» ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

በበኩሌ ቤቱ እንዲሸጥ አልፈልግም። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ቡና ስትለቅም የነበረችበት ቦታ ለማናውቀው ሰው እንዲያልፍ ልቤ አይፈቅድም። በሌላ በኩል ደግሞ የእህቴ ልጆች በኪራይ ቤት እየተንከራተቱ ድርሻቸው ተይዞ ሲቀር ማየት ከብዶኛል። አንድ ተጨማሪ ነገር ሕሊናዬን ይወቅሰኛል፦ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የወራሽነት ማስረጃ ስናወጣ አዳማ ያለውን ወንድማችንን አላካተትንም። «እሱ በዚህ ቤት አላደገም» ሲባል እኔም ዝም አልኩ።

የማናችን ድርሻ ስንት ነው? ቤቱ በዓይነት፣ ማለትም ሳይሸጥ ራሱ ተቆርሶ፣ ሊከፈል ይችላል? ካልተቻለስ ፍርድ ቤት ሳንወድ በግድ ያሸጥብናል? የወራሽነት ማስረጃውስ ነገር እንዴት ይሆናል?


መልስ፦ ጠበቃ ከልደታ

እህቴ፣ የወላጆችዎንና የእህትዎን ነፍስ ይማር። ከሁሉ አስቀድሞ ድርሻው በቁጥር ይታወቅ፤ ብዙ የውርስ ክርክር የሚራዘመው ተከራካሪዎቹ የድርሻቸውን ልክ ሳያውቁ ችሎት ስለሚገቡ ነው።

ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ የጋራ ሀብት ስለሆነ፣ አባትዎ ሲያርፉ ለውርስ የተከፈተው ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ በውርስ የመጣ ሳይሆን ቀድሞውኑ የእናትዎ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 842 የሟች ልጆች እኩል እንደሚወርሱ ይደነግጋል፤ ልጁ ከየትኛዋ እናት ተወለደ፣ በየትኛው ቤት አደገ የሚል ጥያቄ በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ የአባትዎ ግማሽ የአዳማውን ወንድምዎን ጨምሮ ለአምስት፣ የእናትዎ ግማሽ ደግሞ ለአራት ይከፈላል። መላው ቤት 40 እጅ ነው ብለን እናስብ። ከአባት ወገን እያንዳንዱ ልጅ 4 እጅ፣ ከእናት ወገን እያንዳንዳችሁ 5 እጅ ታገኛላችሁ። በድምሩ የእርስዎ፣ የታላቅዎና የታናሽዎ ድርሻ በነፍስ ወከፍ 9 እጅ ሲሆን የአዳማው ወንድምዎ 4 እጅ አለው። የእህትዎ 9 እጅ ለሁለቱ ልጆቿ እኩል ይደርሳል፦ ከአያታቸው ከአባትዎ የመጣውን ከእናታቸው ይወርሱታል፣ ከአያታቸው ከእናትዎ የመጣውን ደግሞ በእናታቸው ምትክ ሆነው ይወርሱታል። የእህትዎ ባል ከዚህ ውርስ ድርሻ የለውም።

እናትዎ በጎረቤቶች ፊት ተናገሩት የተባለው ቃል ቢረጋገጥ እንኳ ቤቱን ለወንድምዎ አያስተላልፍም። ሕጋችን በሁለት ምስክሮች ፊት የሚደረግ የቃል ኑዛዜን ያውቃል፤ ነገር ግን በቃል ኑዛዜ ሊነገር የሚችለው ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች አሳዳጊና ሞግዚት እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ቤት በዚህ መንገድ አይተላለፍም። በዚህ ነጥብ እንቅልፍ አይጡ።

ጊዜ ስለማለፉ የተነሣው ነገር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በቁጥር 1000 መሠረት የወራሽነት ጥያቄ የሚቀርበው ከሳሹ መብቱንና የውርሱ ንብረት በተከሳሹ መያዙን ካወቀበት ጊዜ አንሥቶ በ3 ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ የመጨረሻው ጣሪያ ደግሞ 15 ዓመት ነው። ይህ ድንጋጌ ወራሽነታቸው በተረጋገጠ የጋራ ወራሾች መካከል በሚነሣ የክፍፍል ጥያቄ ላይ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው በየችሎቱ ሲያከራክር የኖረ ነው። እናትዎ በሕይወት ሳሉ ቤቱ በእሳቸው እጅ ስለነበር፣ ወንድምዎ ለብቻው ይዟል ሊባል የሚችለው ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ሦስት ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተዋል ማለት ነው። ክርክሩን ልናሸንፈው እንችል ይሆናል፤ ነገር ግን ልናስቀረው የምንችለውን ክርክር ለምን እንጋብዛለን? ክሱን ከኅዳር በፊት ያስገቡ።

የአዳማውን ወንድምዎን በተመለከተ ሕሊናዎ የነገረዎት ትክክል ነው። የወራሽነት ማስረጃ ሌላውን እውነተኛ ወራሽ ከውርስ አያስወጣም። እሱ ውሳኔውን የሰጠው ፍርድ ቤት ዘንድ ቀርቦ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መሠረት መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል፤ እናንተ ራሳችሁ ማስረጃው እንዲስተካከል ብታመለክቱ ደግሞ ይበልጥ ያማረ ይሆናል። እሱ ያልገባበት የክፍፍል ፍርድ ከዓመታት በኋላ ሊናጋ የሚችል ፍርድ ነው፤ ቤቱ በሐራጅ ከተሸጠና ገንዘቡ ከተበተነ በኋላ ሲመጣ የሚፈጠረውን ጣጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሥልጣንን በተመለከተ፣ በአዲስ አበባ የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ቢሆንም የክፍፍሉ ክርክር የሚታየው በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። የገንዘብ ግምቱ ከ10 ሚሊዮን ብር ካልበለጠ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ፣ ከበለጠ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያየዋል። ከክሱ ጋር፣ ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥና በዋስትና እንዳይያዝ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት የእግድ አቤቱታ አያይዘው ያቅርቡ፤ ትእዛዙም ካርታውን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት በቶሎ መድረሱን ራስዎ ይከታተሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልግባ። ፍርድ ቤቱ ከሁሉ በፊት የሚያጣራው ቤቱ በዓይነት ሊከፈል መቻሉን ነው። ለዚህም የሚመለከተው የከተማ አስተዳደር አካል በባለሙያ አስለክቶ፣ ይዞታው ተከፍሎ ለየብቻው ካርታ ሊወጣለት ይችል እንደሆነ እንዲገልጽ ይታዘዛል። 320 ካሬ ሜትሩን በድርሻችሁ ብንመታው ለእርስዎ 72፣ ለአዳማው ወንድምዎ 32 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ መግቢያ መንገዱ ሲቀነስለት ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ በአምስት ወገን ይከፈላል የሚል ተስፋ የለኝም፤ ለሁለት መከፈሉ ግን ሊጠየቅ ይችላል። በዓይነት የማይከፈል ከሆነ ከወራሾቹ አንዱ ወይም ጥቂቶቹ ቤቱን ወስደው የሌሎቹን ድርሻ በገንዘብ እንዲያካክሱ ይጠየቃል። በዚህም ካልተስማማችሁ ነው ሐራጅ የሚመጣው። አዎን፣ ሳትወዱም ቢሆን።

በማካካሻው ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ቤቱ ለምሳሌ 12 ሚሊዮን ብር ቢገመት አንዷ እጅ 300,000 ብር ናት። ወንድምዎ ብቻውን ሊወስደው ቢፈልግ 9,300,000 ብር ማምጣት ይኖርበታል። እርስዎ፣ የእህትዎ ልጆችና አሜሪካ ያለው ወንድምዎ አንድ ላይ ብትቆሙ ግን 27 እጅ በእጃችሁ ስላለ፣ የምትከፍሉት ለታላቃችሁ 2,700,000፣ ለአዳማው 1,200,000፣ በድምሩ 3,900,000 ብር ነው። ቤቱ ከቤተሰቡ እጅ እንዳይወጣ ከልብ የሚፈልጉ ከሆነ ይህን ሒሳብ ክሱ ከመከፈቱ በፊት ከታናሽዎ ጋር ይነጋገሩበት።

ይዞታው ነባር መሆኑም ክብደት አለው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት ነው። የሐራጅ ገዢም ይህን ወጪ አስልቶ ዋጋ ስለሚሰጥ ጉዳቱ የሚያርፈው በእናንተ ላይ ነው። በመካከላችሁ ማካካሻ የምትከፋፈሉ ከሆነ ደግሞ ስምምነቱ የውርስ ክፍፍል መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ የድርሻ ሽያጭ በሚመስል አነጋገር የተጻፈ ውል ስም ሲዛወር ያላሰባችሁትን ጥያቄ ያስነሣል።


መልስ፦ በዚሁ መንገድ ያለፍኩ

ጠበቃው የጻፉትን በሕይወቴ ስላየሁት ጥቂት ልጨምር። የእኛ ቤት በሌላ ከተማ ነበር፤ አምስት ወራሾች ነበርን፣ ከሁለቱ ጋር ተሰልፌ የቀሩትን ሁለቱን ከሰስኩ።

ባለሙያው ሊለካ የመጣ ዕለት ሁላችንም ግቢው ውስጥ ተገኝተን ነበር። ሜትሩን ከበሩ እስከ ጓሮው አጥር ሲዘረጋ አንደኛውን ጫፍ የያዝኩለት እኔ ነኝ። እናታችን የተከለቻት ጌሾ መሐል ላይ ስለነበረች ሜትሩ ጎበጠ፤ ባለሙያው «ይህችን ለጊዜው ጎንበስ እናድርጋት» ሲለኝ የተከሰሱት ሁለቱ ወንድሞቼም፣ ከሳሾቹም ሁላችንም አንድ ላይ «ተዋት!» አልን። በዚያች ደቂቃ ተቀምጠን ብንነጋገር ኖሮ እንታረቅ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ። አልተነጋገርንም። ባለሙያው ዞሮ ለካና ሄደ፤ ከወር ከምናምን በኋላም «በዓይነት ሊከፈል አይችልም» የሚል ሪፖርት ለችሎቱ ደረሰ።

ዳኛው አንዳችሁ ወስዳችሁ ለሌሎቹ ክፈሉ ብለው ሁለት ቀጠሮ ሰጡን። ሁላችንም እኔ ልውሰደው አልን፤ ገንዘብ ያለው ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ወደ አፈጻጸም (ፍርዱ ወደሚፈጸምበት ችሎት) ሄደ፣ ቤቱ ተገመተ፣ የሐራጁ ማስታወቂያም በራችን ላይ ተለጠፈ። ለዕድር፣ ለማኅበርና ለቅሶ ሲገቡበት የኖሩት ጎረቤቶቻችን ቆመው ያነቡት ነበር። በመጀመሪያው ሐራጅ ተጫራች አልቀረበም። በሁለተኛው የተሸጠበት ዋጋ፣ ገና ከመካሰሳችን በፊት አንድ የሰፈራችን ነጋዴ ሊሰጠን ጠይቆን «አነሰ» ብለን ከመለስነው ያነሰ ነበር።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። መሸጡ የማይቀር ሆኖ ካገኛችሁት እንኳ፣ መዝገቡ ክፍት እንዳለ ራሳችሁ ገዢ ፈልጋችሁ በስምምነት እንድትሸጡ ፍርድ ቤቱን ጠይቁ። ስምምነታችሁ በጽሑፍ ቀርቦ ከመዝገቡ ጋር ሲያያዝና ሲጸድቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። በተጨማሪም የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የአስማሚነት አገልግሎት ስላላቸው ወደዚያ እንድትመሩ መጠየቅ ትችላላችሁ። የሰፈር ሽማግሌ ያላስማማውን አስማሚው ምን ያደርገዋል አይበሉ፤ ወንድምዎ በሽማግሌ ፊት ያጣው ነገር ቢኖር ድርሻው በቁጥር ተጽፎ ማየት ይሆናል።


የጉለሌ ልጅ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የ40 እጁን ሒሳብ በወረቀት ላይ ጽፌ ለታናሽ ወንድሜ ላክሁለት፤ እሱም ለማካካሻው የሚችለውን አደርጋለሁ ብሏል። ያልገባኝ የሰርቪስ ቤቶቹ ነገር ነው። ክፍሎቹ የተሠሩት በ2011 ዓ.ም. እናታችን እያለች ነው፤ ከወጪው የተወሰነውን ያኔ ታናሽ ወንድማችን ከአሜሪካ በባንክ ልኳል። ኪራዩስ ይጠየቃል? የእህቴን ልጆች ማን ወክሎ ይቀርባል?


መልስ፦ የውርስ አጣሪ ሆኜ የሠራሁ

በፍርድ ቤት ተሹሜ በርካታ ውርሶችን ስላጣራሁ በእነዚህ ሦስት ነጥቦች ላይ ብቻ እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ፣ ንብረቱ ምን እንደሆነ፣ ዕዳ መኖር አለመኖሩንና ማን ምን እንደያዘ ክርክር ካለ ፍርድ ቤቱ አጣሪ እንዲሾም መጠየቅ ይቻላል። አጣሪው ተከራካሪዎቹን ሰብስቦ ያነጋግራል፣ ሰነድ ይመረምራል፣ ምስክር ይሰማል፣ በመጨረሻም ሪፖርት ያቀርባል። ሆኖም ብዙ ሰው ሪፖርቱ ሲጸድቅ ንብረቱ የተከፋፈለ ይመስለዋል። ሪፖርቱ ማን ወራሽ እንደሆነና ምን እንዳለ ያሳያል እንጂ በራሱ ቤት አያካፍልም፤ ስለዚህ ክፍፍሉን በግልጽ የሚጠይቅ ዳኝነት በክሱ ውስጥ መኖሩን ጠበቃዎ ያረጋግጥልዎ።

የሰርቪስ ቤቶቹን በተመለከተ ለወንድምዎ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። በራሱ ገንዘብ፣ በእናቱ ዕውቀት ሠርቶ ከሆነ ያወጣው ወጪ እንዲታሰብለት መጠየቁ ነውር የለበትም፤ ወጪው ይታሰብለታል ማለት ግን በዋናው ቤትና በይዞታው ላይ ያለው ድርሻ ከ9 እጅ ከፍ ይላል ማለት አይደለም። እዚህ ላይ የሚወስነው ማስረጃ ነው። ያን የደረሰኝ ፌስታል አይናቁት፤ ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩት። ቀኑ፣ የገዢው ስምና የዕቃው ዓይነት ከግንባታው ጊዜ ጋር ይስማማል? የግንባታ ፈቃዱ በማን ስም ወጣ? አንድ ጊዜ አንድ ወራሽ ያቀረበልኝን ስድሳ ያህል ደረሰኝ ሳገላብጥ፣ ግማሹ ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ የተቆረጠ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የቀረው ግማሽ ግን ትክክለኛ ስለነበር ወጪውን አስቤለታለሁ። ታናሽ ወንድምዎም ገንዘቡን የላከበትን የባንክ ማስረጃ ከባንኩ ያውጣ። ለግንባታው መላኩን የሚያሳይ የዚያን ጊዜ መልእክት ካለውም አያጥፋው።

ኪራዩ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በጋራ ንብረት የተገኘ ፍሬ የጋራ ባለሀብቶቹ ሁሉ ስለሆነ የኪራይ ሒሳብ ከወንድምዎ ሊጠየቅ ይችላል። ለምሳሌ ክፍሎቹ በወር 16,000 ብር የሚያስገቡ ቢሆን የእርስዎ ድርሻ 3,600 ብር ነው። ነገር ግን ክፍሎቹ የተሠሩት በእሱ ገንዘብ ነው ከተባለ፣ ኪራዩ የማን ነው የሚለው ራሱን የቻለ ጭብጥ ይሆናል። የግንባታ ወጪውን ሙሉ በሙሉ እየካዱ ኪራዩን ሙሉ በሙሉ መጠየቅ በዳኛ ፊት ደካማ አቋም ነው። እኔ ብሆን ወጪው በማስረጃ ልክ ይታሰብለት፣ ኪራዩም ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይታሰብና ሁለቱ ሒሳቦች አንዱ ከሌላው ተቀንሶ ይቻቻሉ ብዬ እጠይቅ ነበር። የተከራዮቹን ስም፣ የገቡበትን ጊዜና የሚከፍሉትን መጠን ከአሁኑ በማስታወሻ ይያዙ፤ ተከራይ ከለቀቀ በኋላ ምስክር አድርጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከእህትዎ ልጆች ለአካለ መጠን ያልደረሰው በሞግዚቱ በኩል ይቀርባል፤ አባቱ በሕይወት ካሉና ከውርሱ ድርሻ የሌላቸው ከሆነ የጥቅም ግጭት ስለማይኖር እሳቸው መሆናቸው የተለመደ ነው። የሞግዚትነት ማስረጃውን ከክሱ በፊት ያውጡ። ስምምነት ላይ ብትደርሱም የልጁን ድርሻ የሚነካ ሽያጭ ወይም ማካካሻ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት ለችሎቱ ይቅረብ። ለልጁ የሚደርሰው ገንዘብም በስሙ በተከፈተ ዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ ጠይቁ።


መልስ፦ ከቨርጂኒያ

ለታናሽ ወንድምዎ የሚሆን ነገር ስላለኝ ነው። የእናቴ ውርስ ሲታይ የላክሁት ውክልና አጠቃላይ ስለነበር በመጀመሪያው ቀጠሮ ተቀባይነት አጣ፤ እንደገና አሠርቼ እስክልክ አምስት ወር አለፈ። ለመክሰስና ለመከራከር ብቻ የተሰጠ ውክልና ቤት ለመሸጥ ወይም ለመታረቅ አያበቃም፤ ሕጉ ለእነዚህ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ ወንድምዎ ውክልናው ላይ፣ ቤቱን በአድራሻውና በካርታ ቁጥሩ ጠቅሶ፣ እንዲከሱ፣ እንዲከራከሩ፣ እንዲታረቁ፣ እንዲካፈሉ፣ ማካካሻ እንዲከፍሉና እንዲቀበሉ፣ አስፈላጊ ሲሆን እንዲሸጡ፣ ጠበቃም እንዲወክሉ በየስሙ ያስጽፍ። በዋሽንግተን ኤምባሲያችን ካረጋገጠ በኋላ ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይመዘገባል።

የአሜሪካ ዜግነት ወስዶ ከሆነ ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ ከአሁኑ ያውጣ። የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 390 የጣለው ክልከላ፣ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት መታወቂያው ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ተነሥቷል። ይህ ካርድ ከሌለው ግን በክርክሩ መሐል ዜግነቱ መነሣቱ አይቀርም፤ ቤቱን በጋራ ለማስቀረት ያሰባችሁትም እቅድ በእሱ በኩል ሊሰናከል ይችላል።


የጉለሌ ልጅ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ትናንት ማታ አዳማ ወዳለው ወንድሜ ደወልኩ። ከእናታችን ቀብር ወዲህ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር። የወራሽነት ማስረጃውን ነገር ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «የልደት ካርዴን ይዤ ልምጣ?» አለኝ። ቅዳሜ እኔ ዘንድ ያድራል፤ ሰኞ ጠዋት አብረን ወደ ከተማው ፍርድ ቤት ሄደን የማስተካከያ አቤቱታውን እናስገባለን። የክፍፍሉን ክስና የእግዱን አቤቱታ ጠበቃ እያዘጋጀልን ነው፤ ከኅዳር በፊት መዝገቡ ይከፈታል። ለወንድም ጋሼ ደግሞ የ40 እጁን ሒሳብ፣ የደረሰኙንም ወጪ ልንቀበለው ዝግጁ መሆናችንን ጨምሬ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ ጽፌ በእህቴ ትልቁ ልጅ እጅ ልኬለታለሁ። መጥሪያው ሳይደርሰው ይህ ቢደርሰው ይሻላል ብዬ ነው።